የሣር ማጨጃ ቺንጋ ዕድሜ በዓመት ይቆጠራል ወይስ በሰዓት?

የአንባቢዎች ጥያቄና የመካኒኩ መልስ

ክረምቱ አልፎ ሣሩ ወገብ በደረሰበት በዚህ ሰሞን ወደ ዓምዳችን ከመጡት ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ዕቃ፣ ይኸውም ተቀምጠው በሚነዱት የሣር ማጨጃ ማሽን ላይ ስለሚገኙት ቺንጋዎች የሚጠይቁ ናቸው። ከኮምቦልቻና ከደሴ የተላኩትን አራቱን መርጠን ከነመልሳቸው እናቀርባለን። የመጀመሪያው ረዘም ያለ መልስ የሚፈልግ በመሆኑ ሰፊውን ቦታ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ «በኮምቦልቻ ከተማ በአንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ የአትክልት ሥራ ተቆጣጣሪ ነኝ። ተቀምጠው የሚነዱት የሣር ማጨጃ ማሽን አለን። ሁለት ቺንጋዎች ያሉት ሲሆን አንደኛው ጎማውን የሚያንቀሳቅሰው፣ ሁለተኛው ደግሞ ከሥር ያሉትን ሦስት ቢላዎች የሚያዞረው ነው። የቢላዎቹን ቺንጋ ሐምሌ 1 ቀን አዲስ አስገባን፤ መስከረም 15 ቀን ተበጠሰ። የሸጠልን ነጋዴ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላችኋል ብሎን ነበር። ከዚያው ሱቅ ሌላ ገዝተን ብናስገባ ደግሞ በዘጠኝ የሥራ ቀን ውስጥ አንድ ጎኑ ተተልትሎ፣ ተገልብጦ ከፑሌጃው (ቺንጋው ከሚዞርበት ባለ ቦይ ክብ ብረት) ወጣ። ማሽኑ ከሰኞ እስከ ዓርብ በቀን አራት ሰዓት ያህል ይሠራል። አለቆቼ አስመስሎ የተሠራ ዕቃ ገዝታችኋል ብለው እየወቀሱን ነው። ለመሆኑ የዚህ ቺንጋ ዕድሜ ስንት ነው?» የግቢ ተቆጣጣሪ፣ ከኮምቦልቻ።

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ቀኑንና የሥራ ሰዓቱን ለይተው ስለጻፉልን እናመሰግናለን፤ ብዙ ሰው «ቶሎ ተበጠሰብኝ» ብቻ ብሎ ስለሚጽፍ መልሱ በግምት ላይ ይቆማል። በእርስዎ ደብዳቤ ላይ ግን ሒሳብ መሥራት ይቻላል። ከሐምሌ 1 እስከ መስከረም 15 ጳጉሜን ጨምሮ 80 ቀን፣ ማለትም አሥራ አንድ ሳምንት ተኩል ገደማ ነው። በሳምንት 20 ሰዓት ሲሠራ የመጀመሪያው ቺንጋ ከ220 ሰዓት በላይ አገልግሏል ማለት ነው። ሁለተኛው ቺንጋ ግን በዘጠኝ ቀን ውስጥ የሠራው 36 ሰዓት ብቻ ነው። እነዚህ ሁለት ቺንጋዎች በአንድ ዓይነት ምክንያት እንዳልተበላሹ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። የመጀመሪያው ዕድሜውን ጨርሶ ሄደ፤ ሁለተኛውን የገደለው ነገር ግን አሁንም ማሽንዎ ላይ ተቀምጧል፤ ሦስተኛ ቺንጋ ቢያስገቡ እሱንም አይምረውም።

ነጋዴው የነገረዎ «ከ3 እስከ 5 ዓመት» የሚለው አነጋገር ከአየር የመጣ አይደለም፤ የመጣው ግን ማሽኑ በብዛት ከሚሸጥበት አገር ነው። በአሜሪካ አንድ የቤት ባለቤት በዚህ ዓይነት ማሽን የግቢውን ሣር በሳምንት አንድ ቀን፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ያጭዳል፤ ብርዱ ሲመጣ ማሽኑን አልብሶ ያስቀምጠዋል። በዓመት ሠላሳ ሳምንት ቢሠራ ድምሩ 30 ሰዓት ነው። ስለዚህ የእርስዎ የመጀመሪያ ቺንጋ በአንድ ክረምት የሠራው፣ ያ ሰው በሰባት ዓመት ውስጥ የሚሠራውን ያህል ነው። በእኛ አካባቢ ደግሞ ሣር የሚያድገው በክረምት ብቻ አይደለም፤ ወሎ በልግም ስላላት ማሽኑ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ድረስ እንደገና ይወጣል። ዕድሜውን በዓመት የሚለካ ሰው በዚህ ምክንያት ሁልጊዜ የተታለለ ይመስለዋል። የሰዓት ቆጣሪ ያለው ማሽን ከሆነ አዲስ ቺንጋ በገባበት ቀን የቆጣሪውን ቁጥር በደብተር መጻፍ፣ ከሌለውም ነጂው በየቀኑ የሠራበትን ሰዓት እንዲመዘግብ ማድረግ ያስፈልጋል።

በእኔ ልምድ ቢላዎቹን የሚያዞረው ቺንጋ፣ ሠራተኞች የዴክ ቺንጋ የሚሉት፣ በየቀኑ በሚሠራ ማሽን ላይ 200 ሰዓት ካለፈ ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው፤ 300 ከደረሰ ነጂው ይመሰገናል። ለጎማው ኃይል የሚያደርሰው የመንጃ ቺንጋ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይረዝማል፤ የዴክ ቺንጋ ሁለት ጊዜ ተቀይሮ የመንጃው ገና ያልተነካበትን ማሽን ደጋግሜ አይቻለሁ። ምክንያቱም የዴክ ቺንጋ ሥራ ድንጋጤ የበዛበት ነው። ቆሞ የነበረን ሦስት ከባድ ቢላ በድንገት እንዲያስነሣ ይታዘዛል፤ ቢላው ድንጋይ ወይም ጉቶ ሲመታ ግጭቱን የሚቀበለው እሱ ነው፤ ከላይ የሚረጨው እርጥብ ሣርና አቧራም የሚያርፈው በእሱ ላይ ነው። የሚጓዝበትም መንገድ ጠመዝማዛ ነው፤ በአንዳንዱ ፑሌጃ ላይ በሆዱ፣ ቺንጋውን ወጥሮ በሚይዘው ፑሌጃ፣ ማለትም በማወጠሪያው ላይ ደግሞ በጀርባው እየታጠፈ በደቂቃ ብዙ መቶ ጊዜ ይመላለሳል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ቺንጋ እንምጣ። አንድ ጎኑ ብቻ መተልተሉ ትልቅ ምልክት ነው። ዕድሜው የደረሰ ቺንጋ በሁለቱም ጎኑ እኩል ይላጫል፣ ከውስጥ በኩል ይሰነጣጠቃል፣ ጎኑ እንደ ጫማ ቀለም ያብለጨልጫል፣ እየቀጠነም ወደ ፑሌጃው ቦይ ጠልቆ ይገባል። አንድ ጎኑ ብቻ ከተተለተለ ግን የሚፈጨው ነገር አለ። ብዙ ጊዜ ከሦስት ነገሮች አንዱ ነው፦ ከመስመር የወጣ ፑሌጃ፣ ኩሽኔቱ ያለቀበትና የሚንገዳገድ ማወጠሪያ፣ ወይም ቺንጋው እንዳይወጣ ተብሎ በፑሌጃው ዳር የተተከለው የመያዣ ሽቦ ተጣሞ ቺንጋውን መንካቱ። ይህ ሽቦ ማሽኑ በሚሠራበት ጊዜ ከቺንጋው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ያህል መራቅ አለበት። የመጀመሪያው ቺንጋ ተበጥሶ ሲወጣ በኃይል ስለሚገረፍ ሽቦውን የሚያጣምመው ራሱ ሊሆን ይችላል፤ ቀያሪው ደግሞ ሽቦውን ሳያይ አዲሱን አስገብቶ ይሄዳል። በእርስዎ ማሽን ላይ የደረሰው ይህ ቢሆን አይደንቀኝም፤ ነገር ግን ሳያዩ ከመፍረድ በሚከተለው አኳኋን መመርመር ይሻላል።

ከሁሉ በፊት ሞተሩ ይጠፋ፣ ቁልፉ ይውጣ፣ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፣ የካንዴላው ኮፍያም ይነቀል። ቢላው በእጅ ሲዞር ሞተሩ እንዳይነሣ የሚያደርገው ይህ የመጨረሻው ነገር ሲሆን፣ እኔ እጁ ምን ያህል የሠለጠነ ቢሆን ይህን የዘለለ መካኒክ አብሮኝ እንዲሠራ አልፈልግም። ከዚያም ቺንጋው ተፈትቶ እያንዳንዱ ፑሌጃ በእጅ ይዙር። ደህና ኩሽኔት ድምፅ ሳያሰማ፣ ሳይፈጥንም ሳይያዝም ይዞራል፤ አሸዋ እንዳለበት የሚንኳኳ፣ ወይም ቅባቱ አልቆ እንደ ሽክርክሪት ለረጅም ጊዜ ያለ ቁጥጥር የሚሽከረከር ከሆነ መቀየር አለበት። ፑሌጃው ከላይና ከታች ተይዞ ሲነቀነቅ የሚንገዳገድ ከሆነም እንዲሁ። ቀጥሎ በባትሪ ብርሃን የፑሌጃው ቦይ ይታይ፤ በላሜራ የተሠራ ፑሌጃ ድንጋይ ሲመታው ጠርዙ ይጎብጣል፣ ዝገቱም የቺንጋውን ጎን እንደ ሞረድ ይበላዋል። በመጨረሻ ቀጥ ያለ ብረት ወይም የተወጠረ ክር በፑሌጃዎቹ ፊት ላይ ተጋድሞ ሁሉም በአንድ መስመር ላይ መሆናቸው ይረጋገጥ። የማወጠሪያው ክንድ ከተጣመመ በዓይን ላይታይ ይችላል፤ በክሩ ላይ ግን ይታያል።

አንድ ጊዜ እዚሁ ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ሆቴል ግቢ ሦስት ቺንጋ በተከታታይ የበላ ማሽን እንዳይ ተጠርቼ ነበር። ከተጣለው ቺንጋ ውስጥ አንዱን አንስቼ ስመለከት ከአንድ ቦታ በቀር ደህና ነበር፤ በዚያች ቦታ ግን የጣት ያህል ርዝመት ተቃጥሎ ጎድጉዷል። እንዲህ ያለ ጠባሳ የሚፈጠረው ቺንጋው ቆሞ ፑሌጃው ብቻ ሲዞርበት ነው። በግራ በኩል ያለው የቢላ ዘንግ ኩሽኔት ሲሞቅ እየያዘ፣ ሲበርድ ደግሞ እየለቀቀ ነበርና ጠዋት ሲፈተሽ ምንም አይገኝበትም። ለቺንጋው ከወጣው ገንዘብ ሩብ የማይሞላ ዋጋ ያለው ኩሽኔት ነው ያን ሁሉ ያደረገው። ስለዚህ የተበጠሰ ቺንጋ አይጣል፤ የሞተበትን ምክንያት በላዩ ላይ ጽፎ ነው የሚወጣው።

ኩሽኔት ሲገዛ የማሽኑን ስም ይዞ ከሱቅ ሱቅ መንከራተት አያስፈልግም፤ በጎኑ ላይ የታተመው ቁጥር በቂ ነው። በማወጠሪያ ፑሌጃዎች ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው 6203 የተባለው ሲሆን የውስጥ ቀዳዳው 17፣ የውጭ ስፋቱ 40፣ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ነው። የውሃ ፓምፕና የኤሌክትሪክ ሞተር ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች የሚያውቁት ቁጥር ነው። በሁለቱም ጎኑ የጎማ መዝጊያ ያለውን መምረጥ ያሻል፤ ክፍቱን የሣር ጭማቂና አቧራ ይጨርሱታል።

ቺንጋው የገባበትን መንገድም ቀያሪውን ይጠይቁት። ማወጠሪያውን ሳይለቅ በካቻቪቴ እየፈለቀቀ አስገብቶት ከሆነ፣ ውስጡ ያለው ክር በዚያው ቀን ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ከውጭ ምንም አይታይም፤ በሥራ ላይ ግን የተበጠሰው ጎን እየረዘመ ቺንጋው ይገለበጣል። እርስዎ «ተገልብጦ ወጣ» ያሉትም ከዚህ ሊመጣ ይችላል። ትክክለኛው አሠራር የማወጠሪያውን ሞላ በቁልፍ ወይም በእጅ ስቦ ቺንጋውን ማላላት፣ በመንገዱ ላይ ያለ ኃይል ማስቀመጥ፣ ከዚያም ሞላውን ቀስ ብሎ መልቀቅ ነው።

ከነጂው ጋርም መነጋገር ያስፈልጋል። ብዙ ነጂዎች ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ሞተሩን በግማሽ ፍጥነት ያስኬዱታል። ቺንጋ የሚያስተላልፈው ኃይል የመሳቡ ጥንካሬና የፍጥነቱ ብዜት ስለሆነ፣ ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ያንኑ ሣር ለመቁረጥ በእጥፍ መሳብ ይኖርበታል፤ ሲስብም ይንሸራተታል፣ ይሞቃልም። ቢላውን ማስነሣት ሣር በሌለበት ቦታ ሞተሩ በመካከለኛ ፍጥነት ላይ ሳለ፣ ማጨድ ግን በሙሉ ፍጥነት ነው። ሣሩ ረጅም ከሆነ ማሽኑን ከፍ አድርጎ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ዝቅ አድርጎ ሁለተኛ ጊዜ ማጨድ ይገባል። በነሐሴ ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ የሚታጨድ ሣር ከገበታው (ቢላዎቹን ከላይ ከሚሸፍነው ዴክ) ሥር ተለጥፎ ስለሚጋገር ቢላው እንደ ጭቃ ማቡኪያ ይሆናል፤ ሥራውን ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ማስጀመር ብቻውን ለቺንጋው ዕድሜ ይጨምራል። ከሥራ በኋላ በገበታው ላይ፣ በተለይም በቺንጋው መሸፈኛ ሥር የተከማቸው ሣር በብሩሽ ይጠረግ። በኃይለኛ ውሃ ማጠቡን ግን አልደግፈውም፤ ንጹሕ ያስመስላል እንጂ ውሃውን ወደ ኩሽኔቱ ይገፋዋል።

አለቆችዎ «አስመስሎ የተሠራ ነው» ያሉት ጨርሶ ሐሰት ነው ለማለት አልችልም፤ እንዲህ ያለ ዕቃ ገበያ ላይ አለ። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ከዚያው ሱቅ ተገዝቶ ከ220 ሰዓት በላይ ከሠራ፣ ሁለተኛው በ36 ሰዓት ሲሞት በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ሻጩ ሳይሆን ማሽኑ ነው። ፑሌጃዎቹን ሁሉ ፈትሸው ምንም ካላገኙ ወደ ሱቁ ይሂዱ።

ጥያቄ፦ «ደሴ ነዋሪ ነኝ። የምሠራበት ግቢ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ዳገት ላይ ነው። የሣር ማጨጃ ማሽናችን ጠዋት ሲነሣ ዳገቱን ያለ ችግር ይወጣል፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ ግን ቢላዎቹ እየዞሩ ማሽኑ ዳገቱን መውጣት ያቅተዋል። የመንጃ ቺንጋው አልቋል ተብለን ልንቀይር ነው። ቺንጋው ከገባ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ጊዜው ደርሷል?» ከደሴ።

መልስ፦ ከመቀየርዎ በፊት ጆሮዎን ይጠቀሙ። ማሽኑ ዳገት ላይ ሲዳከም የሞተሩ ድምፅ አብሮ ከወረደ ቺንጋው ይዟል፤ የደከመው ሞተሩ ነው። የሞተሩ ድምፅ ሳይወርድ ማሽኑ ብቻ ከቀዘቀዘ ግን ኃይሉ በመንገድ ላይ እየጠፋ ነው፤ የሚጠፋውም ወይ በቺንጋው፣ ወይ በካምቢዮው ውስጥ ነው።

ሁለቱን ለመለየት የሚከተለውን ያስተውሉ። የሚንሸራተት ቺንጋ ብዙ ጊዜ ይጮኻል፤ የተቃጠለ ጎማም ይሸታል፤ ጎኑም ይብለጨለጫል። ጠዋትም ቢሆን ፔዳሉን በድንገት ሲረግጡት ያስታውቃል። ሲበርድ ደህና ሆኖ ሲሞቅ ብቻ የሚደክም፣ ሽታም ጩኸትም የሌለው ማሽን ግን አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ በዘይት ግፊት ከሚሠራው ካምቢዮ ነው፤ ዘይቱ ሲሞቅ ስለሚቀጥን፣ ያረጀው ካምቢዮ ግፊቱን መያዝ ያቅተዋል። በካምቢዮው ላይ የተገጠመች ትንሽ የፕላስቲክ ማራገቢያ አለች፤ ክንፎቿ ከተሰበሩ ወይም ሣር ከሞላባቸው ካምቢዮው ያለ ጊዜው ይግላል። እሷን ማየትና በዙሪያዋ ያለውን ሣር ማጽዳት ገንዘብ አያስወጣም፤ ቺንጋ መቀየር ግን በብዙ ማሽኖች ላይ ገበታውን ማውረድ፣ አንዳንዴም የመሪውን ክፍሎች መፍታት ይጠይቃል። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

የመንጃ ቺንጋ ሁለት ዓመት ስለሞላው ብቻ አይቀየርም። ከፑሌጃው ቦይ አፍ ጋር ተስተካክሎ የሚቀመጥ፣ ያልተሰነጠቀና ጨርቁ ያልተላጠ ከሆነ ይሥራ። ወደ ቦይው ሥር ወርዶ ታችኛውን ብረት የሚነካ ከሆነ ግን መልኩ ቢያምርም አልቋል፤ ይህ ዓይነቱ ቺንጋ የሚይዘው በሁለት ጎኖቹ ተጠርቅሞ ነውና ሥሩን ከነካ መጠርቀሙ ይቀራል።

የደሴን ከፍታም መርሳት አይገባም። የሞተር አምራቾች በመመሪያቸው ላይ እንደሚጽፉት፣ ቤንዚን ሞተር ከባሕር ወለል በላይ በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል ኃይሉን ያጣል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች በካታሎጉ ላይ 20 የፈረስ ጉልበት የተባለ ሞተር እዚያ የሚሰጠው 14 ያህሉን ነው። ሐረጎን ወርደው በ1,850 ሜትር ግድም ባለችው ኮምቦልቻ ግን ወደ 16 ይጠጋል። ስለዚህ ኮምቦልቻ ላይ ዳገት የሚወጣ ማሽን ደሴ ላይ ቢያቃስት ቺንጋውን መወንጀል አይገባም። አየር ማጣሪያውን ያጽዱ፣ ዳገቱን በዝግታ ይውጡ፣ ቢላውንም ከፍ ያድርጉት። ዳገቱ ቁልቁል ሲያዩት የሚያስፈራ ከሆነ ደግሞ በማሽን አይታጨድ፤ የማጭድ ሥራ ነው። እንዲህ ያለ ማሽን ሲገለበጥ ነጂው ከሥሩ ይሆናል።

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ በኮምቦልቻ የወፍጮ ቤት መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ የምሠራ ወጣት ነኝ። የሣር ማጨጃ ቺንጋ ፈልገው የሚመጡ ሰዎች አሉ። በስፋትም በርዝመትም ልክክ የሚል የወፍጮ ቺንጋ አለን፤ ብሸጥላቸው ነውር አለው? ቁጥሩስ ለምን አይመሳሰልም?» ከኮምቦልቻ።

መልስ፦ ልጄ፣ ከመሸጥህ በፊት መጠየቅህ ደስ ይላል። ቁጥሩን ላስረዳህ። እናንተ «ኤ» የምትሉት ከላይ 13 ሚሊ ሜትር የሚሰፋው ሲሆን «ቢ» ደግሞ 17 ሚሊ ሜትር ነው። በእነዚህ ላይ የሚጻፈው ቁጥር የውስጥ ዙሪያው ርዝመት በኢንች ነው። የሣር ማጨጃ ቺንጋዎች ላይ ግን ብዙ ጊዜ «4ኤል» ወይም «5ኤል» ተብሎ ይጻፋል፤ ስፋታቸው ከ«ኤ» እና ከ«ቢ» ጋር ቢቀራረብም ቁጥሩ የውጭ ዙሪያውን በኢንች አሥረኛ የሚገልጽ ነው። ስለዚህ «4ኤል 700» የውጭ ዙሪያው 70 ኢንች፣ ማለትም 178 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ከ«ኤ 68» ጋር እኩል ይሆናል። ለ«5ኤል» ሦስት ኢንች ቀንሰህ «5ኤል 700»ን ከ«ቢ 67» ጋር ታዛምዳለህ። አሮጌውን ቺንጋ ለክተህ ብቻ አትሽጥ፤ በሥራ ላይ ረዝሟልና የምትሰጠው ሰፊ ይሆንበታል። በመቀመጫው ሥር ያለውን የሞዴል ቁጥር ጽፎ እንዲያመጣ ንገረው።

ልክክ ቢልም ግን ባሕርዩ ይለያል። የወፍጮ ቺንጋ በሁለት ትልልቅ ፑሌጃዎች መካከል ቀጥ ብሎ ይሮጣል፤ አንዴ ከተነሣ እህሉ እስኪያልቅ አይቋረጥም፤ በጀርባውም አይታጠፍም። የሣር ማጨጃው በትንንሽ ፑሌጃዎች ላይ በሆዱም በጀርባውም ይታጠፋል፤ በብዙ ማሽኖች ላይ ደግሞ ቢላውን የማስነሻ ፍሪሲዮን የሚሆነው ራሱ ቺንጋው ነው፤ ሲላላ ቢላው ይቆማል፣ ሲወጠር ይነሣል፤ በዚህ መካከል እየተንሸራተተ ይይዛል። ለዚህ ሲባል ጥሩው የማጨጃ ቺንጋ በውስጡ አራሚድ የተባለ የማይለጠጥ ክር፣ በውጭም መንሸራተትን የሚችል ጨርቅ አለው። አራሚድ ጥይት የማይበሳው ልብስ የሚሠራበት የክር ዓይነት ነው፤ ኬቭላር በሚለው የንግድ ስሙ የሚታወቀውን እ.ኤ.አ. በ1965 ያገኘችው ስቴፋኒ ክዎሌክ የተባለች አሜሪካዊት የኬሚስትሪ ተመራማሪ ናት። በተራ የፖሊስተር ክር የተሠራው የወፍጮ ቺንጋ በማጨጃው ላይ ይለጠጥና የማወጠሪያው ሞላ ከሚደርስበት በላይ ይላላል። ውስጡ ጥርስ ያለውና ጎኑ ጨርቅ የሌለው የመኪና ቺንጋ ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው፤ ላላ ሲል እንኳን ፑሌጃውን ነክሶ ስለሚይዝ፣ ነጂው ቢላውን አቆምኩ ባለበት ሰዓት ቢላው ይዞራል። ይህን ለማንም አትሽጥ።

የወፍጮው «ቢ» ቺንጋ ሥራ ለቆመበት ሰው ለሁለት ሦስት ቀን መሸጋገሪያ ሊሆን ይችላል፤ ዋናው ከአዲስ አበባ፣ 380 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ እስኪመጣ ድረስ ግቢው አይጠብቅም። ይህን ነግረኸው ሽጥለት፤ ሳትነግረው ከሸጥህለት ግን በሳምንቱ ይዞት ይመለሳል።

ጥያቄ፦ «ቺንጋው ሲንሸራተት ሳሙና ወይም ሙጫ ቢቀባ ይይዛል ይላሉ። እውነት ነው? መጠባበቂያ ቺንጋ ገዝተን ብናስቀምጥስ ሳይሠራ ያረጃል?» ከደሴ።

መልስ፦ ሙጫው ለአንድ ሰዓት ይይዛል፤ ከዚያ አቧራና የሣር ብናኝ ሰብስቦ የቺንጋውን ጎን ይፈጫል። በድሮ ወፍጮዎች ላይ በነበረው ጠፍጣፋ የቆዳ ቺንጋ ላይ ይደረግ የነበረ ልማድ ነው፤ በጎኑ በሚይዘው ላይ አይሠራም። ቺንጋ የሚንሸራተተው ላልቶ፣ አልቆ ወይም ዘይት ነክቶት ነው። ዘይት የነካው ከሆነ በሳሙና ውሃ በራሰ ጨርቅ ተጠርጎ ይድረቅ፤ በቤንዚን ወይም በናፍጣ አይጠረግ፤ ጎማውን ያሳብጡታል።

መጠባበቂያ መያዝ በተለይ ከሰኔ በፊት አስፈላጊ ነው፤ ሣሩ የሚቸኩለው ዕቃው በማይገኝበት ወር ነው። ጎማ ሳይሠራም ያረጃል፤ የሚያስረጁትም ፀሐይ፣ ሙቀትና በአየር ውስጥ ያለው ኦዞን ናቸው። ስለዚህ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወይም ከመስኮት አጠገብ አይቀመጥ። በሽቦ ጠበቅ ተደርጎ አይታሰር፤ በቀጭን ሚስማርም አይንጠልጠል፤ የታጠፈበት ቦታ ላይ ውስጡ ያለው ክር ይጎዳል። ባለበት ቅርጽ ላላ ብሎ በካርቶን ውስጥ፣ በቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ይቀመጥ፤ የተገዛበት ቀን በካርቶኑ ላይ ይጻፍ። ሁለት መጠባበቂያ ካለ ቀድሞ የተገዛው ይቅደም።

ማሽኑም ከጥቅምት መጨረሻ እስከ በልግ ድረስ ሲቆም ቢላውን የሚያስነሣው እጀታ ተለቆ፣ ቺንጋው ሳይወጠር ይቆይ። ወራቱን ሁሉ በአንድ ቦታ ተወጥሮ የከረመ ቺንጋ ያንን ቅርጽ ይይዝና በየካቲት ሲነሣ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ማሽኑን ያንቀጠቅጠዋል። መንቀጥቀጡ ከሩብ ሰዓት በኋላ ካልቆመ ሞተሩን አጥፍተው፣ ካንዴላውን ነቅለው ከቢላዎቹ ጀምሮ ይፈትሹ፤ ያን ጊዜ ምክንያቱ ቺንጋው ሳይሆን ሚዛኑን የሳተ ቢላ ሊሆን ይችላል።